ከጓዳው የጠፋው ጩኸት

ልክ ያልሆነው የሻምበል ዝምታ ነበር። ሌላ ጊዜ በር ከተዘጋበት እንደ ሕፃን የሚነጫነጭ፣ መዝጊያውን በጥፍሩ የሚቧጥጥ ውሻ በዚያ የበዓል ከሰዓት ከጓዳ ትንፍሽ አላለም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ልብ ያለችው እንግዶቹ ተሸኝተው ሲያበቁ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ "ዛሬስ ጨዋ ሆነልኝ" ስትል ነበር።

ውሻው የልጇ ነው። ልጁ ራቅ ያለ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ማሰሪያውን አስጨብጧት፣ "እማ፣ አደራ" ብሏት ነበር። ልጇን ከሩቅ መጠበቅ ስላልቻለች ውሻውን ትጠብቃለች። በዓል በመጣ ቁጥር ግን እንቅልፍ የላትም። አጥንት ጉሮሮው ላይ ሲሰነቀር፣ ጮማ ሆዱን ሲበጠብጠው፣ ሁሉም አስቀድሞ ይታያታል። የእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ ዘቢብ ለውሻ መርዝ ስለሆነ ከሁሉ በላይ እሱን እንዳይቀምስ አስጠንቅቋታል።

ቢሆንም የዘቢብ ኬኩን ጋገረችው። ልጇ ባይኖርም የሚወደው ኬክ ከበዓል ሲቀር ሟርት መሰላት። ወንድሟ ከጠረጴዛ እየቆረሰ ለውሻው እንዳይሰጥባት ብላ ኬኩን በጠዋት ወስዳ ጓዳ ደበቀችው፤ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በርጩማው ላይ፣ በጨርቅ ሸፍና።

ቀትር ላይ ሹፌሩ ወንድሟ ሲገባ ሻምበል ዘሎ ተጠመጠመበት።

"እትዬ፣ ይሄ ውሻ እኮ አጥንቱ ቀርቷል! አንዲት ቁራጭ ሥጋ ብሰጠው ምናለበት?"

"ሞቼ ነው ቆሜ! እጅህን ሰብስብ።"

"እሺ፣ እሺ። ለእኔስ ይፈቀዳል ወይስ ሐኪም ይዘዝልኝ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ አልሳቀችም። ውሻውን ጎትታ ጓዳ ከተተችውና ዘጋችበት። ከሰዎቹ እጅ አዳንኩት ብላ እፎይ አለች። ኬኩ ትዝም አላላት።

አሁን በሩን ስትከፍት ጨርቁ መሬት ላይ ነበር። ሳህኑ እንደታጠበ ሁሉ ያብረቀርቃል። ሻምበል ጭራውን አንዴ ወዝወዝ አደረገና ከስፌት መኪናው ፔዳል ሥር አስታወከ።

"እማ፣ ኬኩስ?" አለች ሴት ልጇ ከኋላዋ።

"አጎትሽን ጥሪው። መኪናውን ያስነሣ።"

መንገዱን ሙሉ ወንድሟ አንድ ቀልድ አልወጣውም። ሐኪሙ ከነበዓል ልብሱ ክሊኒኩ ድረስ መጣላቸው።

"ማን ሰጠው?"

"ማንም። እኔው ነኝ የዘጋሁበት፣ ዶክተር።"

ሐኪሙ ወደ ውሻው ዞረ። ግሉኮስ ከሰካለት በኋላ፣ "እዚህ ይደር" አላት። "የኩላሊቱ ነገር ቶሎ አይታወቅም። ብዙ በልቷል። ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም፣ እናቴ።"

ቤት ሲደርሱ መሽቷል። ስልኩ ጮኸ፤ ወንድ ልጇ ነው።

"እማዬ፣ እንኳን አደረሳችሁ! እስቲ ስልኩን ሻምበል ጆሮ ላይ አድርጊለት።"

ሴት ልጇ በዓይኗ፣ "ተኝቷል በይው" አለቻት። እናትየው አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ ግን አልመጣላት አለ።

"ሐኪም ቤት ነው፣ ልጄ። ከኬኩ ጋር ዘጋሁበት።"

ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ከጓዳ እንደሰማችው ያለ ዝምታ ነበር።

"የዘቢቡን ጋግረሽ ነበር?" አለ በመጨረሻ።

"አንተ ትወደው የለ።"

"እኔ እኮ የለሁም፣ እማ" አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያም ደህና እደሪ አላት።

ልጁ ከሄደ ወዲህ በየምሽቱ ከግቢ በመጨረሻ ወደ ቤት የሚገባው ሻምበል ነው። ጎኑ እግሯን ታክኮ ካላለፈ ቁልፉን አዙራ አታውቅም። ዛሬም በሩን የውሻ ስፋት ያህል ገርበብ አድርጋ ቆመች። ብርዱ ገባ።

"እማ፣ ዝጊው እንጂ" አለች ልጅቷ።

"እሺ" አለችና ቆመች። ግቢው ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም። በሩን ገፋችው፤ ቁልፉንም አዞረችው።