የማቪስ የራሷ ዓሣ

ቦጋሺል ወንዝ ዳር ካደጉት ሴቶች ውስጥ የማቪስን ያህል ስቲልሄድ የተባለውን ትልቅ ዓሣ የጎተተች የለችም፤ አንዱንም ግን ራሷ አልያዘችም። ባሏ ኤልዉድ ማንኪያ የሚመስለውን የብረት ማጥመጃ ይወረውራል፤ ዓሣው ሲይዝለት «ነይ ቶሎ!» ብሎ ዘንጉን ያስጨብጣታል። ማታ መጠጥ ቤት «ሚስቴ ያዘች» እያለ ያወራላታል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን አንዳንዴ ያንገሸግሻል። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ማቪስ አንድ የራሷ ዓሣ አማራት። ክረምቱ እያለቀ ነው፤ ጉልበቷም ታሟል፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እንጃ።

«ዓሣው ሲነካሽ እንዳትመነጭቂ» አላት ኤልዉድ ወንዙ ዳር እንደ ቆሙ። «ሁሌ እየመነጨቅሽ እኮ ነው የምታስመልጪው።»

«ስማ፣ መኪናው ጋ ሄደህ ቡናህን ጠጣ።»

«ተባረርኩ ማለት ነው?»

«ገባህ እንዴ?»

እየሳቀ ዳገቱን ወጣ።

ማቪስ ማንኪያውን ወደ ማዶ ወረወረች፤ ክሩን ወጥራ ወራጁ ውሃ እንዲያዞረው ተወችው። ማንኪያው የወንዙን ወለል ታክኮ ሲወዛወዝ ትርታው እጇ ድረስ ይሰማታል። መሃል ሲደርስ ትርታው ቆመ። ድንጋይ መሰላት። እጇ ሊመነጭቅ ሲል እንደምንም ገታችው። ከዚያ ድንጋዩ ተነሥቶ ሄደ።

ዓሣው ቁልቁል ተፈተለከ፤ የክሩ መጠምጠሚያ ጮኸ። ኤልዉድን መጥራት ትችል ነበር፤ አልጠራችም። ሲሮጥ ለቀቀችለት፤ ሲደክመው ጠመጠመች። በዚህ ወንዝ መንጠቆ ዓሣውን አንቆ የሚያስቀር እሾህ እንዲኖረው አይፈቀድም፤ ክር ላላ ማለት ዓሣ ሄደ ማለት ነው። ቀስ በቀስ ዳር አስጠጋችው። ከጅራቱ በላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ አልተቆረጠችም፤ የእርባታ ዓሣ ለምልክት ይቆረጥበታል፤ ይሄ ግን የወንዙ ተወላጅ ነው። እንዲህ ያለውን ከውሃ ማንሣት እንኳ ክልክል ነው። እጅጌዋን ሳትሰበስብ እጇን ሰድዳ መንጠቆውን ነቀለች፤ ጅራቱን ይዛ ነፍስ እስኪዘራ ጠበቀችና ለቀቀችው። ደስ አላት፤ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች።

ኤልዉድ ተመልሶ በሁለተኛው ውርወራ ያዘ።

«ማቪስ! ነይ፣ ነይ፣ ያንቺ ነው!» ዘንጉን ዘረጋላት።

«እኔ የራሴን ይዤ ለቅቄያለሁ። ያ ያንተ ነው።»

«ምን?»

ዘንጉን እንደ ዘረጋ ቀረ። ክሩ ላላ፤ ዓሣው ሄደ። ኤልዉድ ግን ወደ ውሃው አላየም፤ እስከ ክርኗ የራሰውን እጅጌዋን ነው ያየው። «ውሸታም» ሊላት አፉን ከፈተና ተወው።

«መቼ?»

«ቡናህን ስትጠጣ።»

ክሩን ቀስ ብሎ ጠምጥሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለወትሮው አስተማሪዋ እሱ ነበር፤ አሁን አንገቱን ቀና አድርጎ አያት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት አድርጎ ነው የያዘልሽ?»