የአልጋ ሰባት ናሙና

«ይሄ የአልጋ ሰባት አይደለም» አለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ የብልቃጡን ክዳን መልሳ እየገጠመች።

ባልደረባዋ በትከሻዋ በኩል አሻግሮ አየ። «ስማቸው ተጽፎበታል እኮ።»

«ስሙ የእሳቸው ነው። ሰገራው ግን የሌላ ሰው ነው።»

የሐኪሙን ማዘዣ አነበበችለት። የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ለሳንባ ምች ብርቱ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ሰንብተው፣ ከሦስት ቀን ወዲህ በቀን አሥር ጊዜ ውሃ ውሃ ያስቀምጣቸዋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን የጤነኛ ሰው፣ ጠጠር ያለ ሰገራ ነው። ሐኪሙ የጠረጠረው አንቲባዮቲኩ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ሁሉ ጠራርጎለት አንጀት ውስጥ እንዳሻው የሚፈነጭ፣ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ነበር። ለዚያ ደግሞ የሚመረመረው ተቅማጡ ራሱ ነው።

«‹አይሆንም› ብለሽ መልሺዋ። ነገ ሌላ ይልካሉ።»

«እስከ ነገ አንጀታቸው ይጠብቃል?»

በሙያው ላይ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ «እትዬ ማይክሮስኮፕ» ይሏታል፤ ሲያሾፉባትም ሲኮሩባትም በዚሁ ስም ነው። ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጠበችና አዲስ ብልቃጥ ይዛ ደረጃውን ወጣች።

አዛውንቱ ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ልጃቸው አንሶላ ታጥፋለች። ከጎናቸው ያለው አስም ያስተኛው ሾፌር ብልቃጡን ሲያይ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የኔ እመቤት፣ የሚጠጣ ውሃ ብታመጪላቸው?» ብላ ልጅቷን አስወጣቻት። ከዚያም ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ የላኩልን የእርስዎ አይደለም አይደል?»

አዛውንቱ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ፣ የሚኮርጅ ተማሪ ከበር ላይ ሆነው የሚለዩ ሰው ነበሩ።

«ኮረጅኩ» አሉ ሾፌሩን በዓይናቸው እያመለከቱ።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ለምነውኝ ነው» አለ ሾፌሩ ፊቱን ሳይመልስ።

«ለምን ጋሼ?»

«መቆም አቃተኝ፣ ልጄ። የናሙናውን ዕቃ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ያለችኝ ደግሞ እሷ ናት።» ወደ በሩ አዩ። «ነርሶቹን እንዳልጠራ አፈርኩ። እሷንማ እንዴት ብዬ? አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ እኮ ናት! ከዚህስ ሞት ይሻለኛል።»

«ሞቱም ሩቅ አይደለም» አለች ሳታለዝብ። «የጠረጠርነው ከሆነ መድኃኒት አለው። በሰው ሰገራ ‹ደህና ነዎት› ብዬ ብልክልዎት ኖሮ ግን ገዳይዎ እኔ ነበርኩ። ደግሞ እኔን ነው የሚያፍሩት? ሦስት ልጆች ያሳደግኩት ሰገራ እያየሁ ነው። ይነሱ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ።»

አዛውንቱ ሳይፈልጉ ሳቃቸው አመለጣቸው። እጃቸውን ሰጧት።

ከሰዓት በፊት አዲሱ ናሙና ከመመርመሪያ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የመመርመሪያው ካርድ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከወንበሯ አልተነሳችም። ደቂቃው ሲሞላ የባክቴሪያውም የመርዙም መስመር ቁልጭ ብለው ወጡ። ስልኩን አንስታ ለሐኪሙ ነገረችው፤ የድሮው መድኃኒት ቆመ፣ ትክክለኛው ተጀመረ፣ አዛውንቱም ለብቻቸው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ።

«ለሁሉም ንገሩ» አለች ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት። «እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ይሄ ጀርም በአልኮል አይሞትም። የሾፌሩንም ሆድ ተከታተሉ፤ መጸዳጃ ቤት ተጋርተዋል።»

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» አለ ሐኪሙ።

«ሳሙና ግዙ» ብላ ዘጋችው።

በአራተኛው ቀን ልትጠይቃቸው ወጣች። ዓይናቸው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ተቅማጡም በቀን ወደ ሁለት ወርዷል። ጉልበታቸው ግን ገና ነው። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ጫማቸውን በእግራቸው ሲፈልጉ ልጃቸው ጓንትና ሽርጥ እንዳደረገች ፈጥና ተነሳች፤ እንደ ለመደችውም ወደ በሩ ሄደች።

«ነርሷን ልጥራልህ አባዬ?»

አዛውንቱ ባለሙያዋን ቀና ብለው አዩዋት። እሷ መስኮቱን ታያለች።

«ተያት» አሏት ልጃቸውን ቀስ ብለው። «አንቺው ደግፊኝ።»