የኤርጫፎ አፍንጫ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የቁልፎ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ድሬሰር አቶ ኤርጫፎ ከሰኔ 11 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት ጀምሮ በጉንፋን የተያዙ መሆናቸውንና አፍንጫቸው በሁለቱም ቀዳዳ አገልግሎት ያቋረጠ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አልተለጠፈም። ሰሌዳው ላይ ቦታ አልነበረም፤ ያለፈው ዓመት የጽዳት ዘመቻ መጥሪያና የጠፋ ማኅተም ማፈላለጊያ ይዘውታል። መለጠፍ ግን ነበረበት፤ ከሆስፒታሉ መሣሪያዎች ሁሉ ሳይበላሽ የሚሠራው ያ አፍንጫ ብቻ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ የደም ስኳር መለኪያ ማሽን አለው። በእርዳታ የመጣ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። የሚሠራበት የወረቀት ቁራጭ ግን አልቆ ሦስት ብቻ ቀርቷል። ሦስቱ እንዳይባክኑ ዳይሬክተሩ አቶ በዛብህ መመሪያ አወጡ፦ ቁራጩ የሚሰጠው ስኳር በሽታ እንዳለበት ለተረጋገጠ ሕመምተኛ ብቻ ነው። ስኳር መኖሩ የሚረጋገጠው ደግሞ በቁራጩ ነው። ይህን ለአቶ በዛብህ ያስረዳ ሰው አልነበረም፤ አንዱ ሊሞክር ገብቶ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኖ ወጣ።

ከዚህ አዙሪት መውጫው ኤርጫፎ ነበር። ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣበት ሰው ትንፋሽ ሣር ውስጥ ከርሞ የበሰለ ፖም ይሸታል። ኤርጫፎ የጨንቻ ልጅ ነው፤ ያደገው አባቱ ፖም አልጋ ስር በሚያከርሙበት ቤት ነው። ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ ጎንበስ ይላል፣ ሁለቴ ይስባል፣ “ስኳር” ወይም “ስኳር አይደለም” ይላል። ሐኪሙ “የተረጋገጠ የስኳር በሽተኛ” ብሎ ይጽፋል። ላቦራቶሪው ይከፈታል። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት በአፍንጫው ሠርቷል፤ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ግን “ቁስል ማጠብ” ነው የሚለው።

አንድ ጊዜ ተሳስቷል። በሁዳዴ አንድ ዲያቆን ወድቆ መጣና ኤርጫፎ “ስኳር” አለ። ቁራጩ ተከፈለበት፤ ስኳሩ እንደ ማንም ጤነኛ ሆነ። ሰውየው ለካ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ የከረመ ጾመኛ ትንፋሽም ወደ ፖም ይጠጋል። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ የተመደበው ወጣቱ ዶክተር ሰይፈሥላሴ አፍንጫውን የሚያምነው በግማሽ ነበር።

የጉንፋኑ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ በጋሪ መጣች። ብሩክታዊት ትባላለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ከደብረ ብርሃን በዝውውር የመጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። ልጅቷ ትንፋሿን ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው ትስባለች። ስሟን ሲጠሯት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች።

“ስንት ቀኗ ነው?” አለ ዶክተሩ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልተኛም፤ ብዕሩን ይዞ ብዕር ይፈልግ ነበር።

“ሁለት ቀን ታስመልሳለች። ከስታለች፤ ጾሙም አለ፣ የሐዋርያትን ትጾማለች። ውኃ ግን አልችላትም፤ እንስራውን ትገለብጣለች።”

“ሙቀቱ ነዋ። ወባ ነው፤ ጋሼ ኤርጫፎ፣ ኩዊኒን በግሉኮስ ይስቀሉላት።”

በአርባ ምንጭ ራሱን የሳተ ሰው ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው። ኩዊኒኑ የሚገባው በግሉኮስ ነው፤ ግሉኮስ ደግሞ ስኳር ነው። ኤርጫፎ ጠርሙሱን አንስቶ አየው። ልጅቷን አየ። ጎንበስ ብሎ ሳበ፤ ምንም የለም፤ ግድግዳ የሳበ ይመስል። አፉን ከፍቶ ሞከረ። ምንም።

“ዶክተር፣ ውኃ ትጠጣለች ብለዋል እናቷ።”

“እኔም እጠጣለሁ፤ ማን ነው እዚህ አገር የማይጠጣ? ሸተተዎት?”

“አልሸተተኝም።”

“እንግዲያው?”

“አፍንጫዬ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። አንድ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።”

ዶክተሩ ለመከራከር አቅም አልነበረውም። “የደም ምርመራው ደርሶ እንደሆነ ልይ፤ ስመለስ ተሰቅሎ ላግኘው” ብሎ ወጣ።

ኤርጫፎ ጠርሙሱን ከግሉኮስ ሣጥኑ ቁልፍ ጋር ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ሻሺቱ ነበረች። ከጨንቻ በሎንቺና ፖም እያወረደች በዘንቢል የምትሸጥ፣ ሁለት ልጆች በዚያ ዘንቢል የምታስተምር ሴት ናት። ዘበኛው ካሳ “ከበሩ ሃምሳ ሜትር!” እያለ ያባርራታል፤ አቶ በዛብህ “ዘንቢል አልባ በር” የሚል ዘመቻ ከጀመሩ ወር ሆኗቸዋል። እሷ ሃምሳውን ሜትር በራሷ እርምጃ ትለካለች፤ እርምጃዋ አጭር ነው።

“ሻሺቱ፣ ዘንቢሉን አስቀምጪና ነይ።”

“ካሳ ይበላዋል።”

“ይዘሽው ነይ እንግዲያ።”

ካሳ ብድግ አለ። “ጋሽ ኤርጫፎ! ዘንቢል ይዛ የት?”

“ልትታከም።”

“ምኗን?”

“ዘንቢሏን” አለና ኤርጫፎ አለፈ።

ልጅቷ አልጋ አጠገብ ሲደርሱ ለሻሺቱ ምንም አልነገራት። ከነገራት ትፈራለች፤ ከፈራች ደግሞ የሚፈልገውን ትነግረዋለች። በጋሞኛ “ጠጋ ብለሽ ትንፋሿን አሽትችና ምን እንደሚል ንገሪኝ” አላት ብቻ።

ሻሺቱ እናትየዋን በዓይኗ ይቅርታ ጠየቀችና ጎንበስ አለች። ቀና አለች። ዘንቢሏን አየች፤ ክዳኑን ገልጣ አሸተተች። ደግማ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

“ይሄ የኔ ፖም ነው” አለች በአማርኛ፤ እናትየዋም እንዲሰሙ። “የታችኛው። የቆየው።”

“ጾመኛ ናት” አለ ኤርጫፎ። “የጾም አፍ እንዳይሆን።”

“እኔም ጾመኛ ነኝ። ከትናንት አልበላሁም። ና አሽትተኝ።”

“አፍንጫዬ ተዘግቷል አልኩሽ እኮ!”

“መቼ አልከኝ?”

እናትየዋ ከአልጋው ማዶ ተነሡ። ወደ ሻሺቱ ቀርበው ጉንጯን እንደሚስም ሰው ፊታቸውን ፊቷ አጠገብ አደረጉ፤ ከዚያ ልጃቸው ላይ ጎንበስ አሉ።

“የእሷ ጥቂት ነው” አሉ ሻሺቱን እያመለከቱ። “የልጄ ግን ቤቱን ሞልቶታል። ሳምንቱን ሙሉ ሸትቶኝ ነበር። ሳሙና ቀይራ ነው ብዬ።” ቁጭ አሉ። “ሳሙና ነው ብዬ እኮ…”

ሻሺቱ ምን እንደሆነ ባይገባትም ትከሻቸውን ያዘች።

ዶክተሩ ሲመለስ ኤርጫፎ ብቻውን ቆሞ አገኘው፤ ሻሺቱ በጓሮ በር ወጥታለች። “ደሙ ወባ አንድ መስቀል አለው” አለ ዶክተሩ፤ መስቀሉ የብዛት ምልክት ነው፤ አንድ ያህሉ በከተማው የግማሹ ሰው ደም ውስጥ ይገኛል። “ግሉኮሱስ?”

“ስኳር ናት። ይጻፉ።”

“በየትኛው አፍንጫ?”

“ይጻፉ፣ ዶክተር። ከተሳሳትኩ ከደመወዜ ይቆረጥ፤ ከሥራዬም ልቆረጥ። ብቻ ይህን ጠርሙስ እኔ አልሰቅልም።”

ዶክተሩ ሽማግሌውን አየ። ንፍጡ ይወርዳል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ጠርሙስ አንቆ ይዟል። ከመከራከር መጻፍ ይቀላል ብሎም ይሁን፣ በግማሽ እምነቱ ይሁን፣ “የተረጋገጠ” ብሎ ጻፈ። ዳንቴሉ ተነሣ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ቁጥር ሳይሆን “ከፍተኛ” የሚል ምልክት ብቻ አሳየ፤ ከመቁጠሪያው በላይ ነው ማለት ነው። ኢንሱሊኑ በኬሮሲን ከሚሠራው ፍሪጅ ወጣ፤ በግሉኮሱ ፋንታ የጨው ውኃ ተሰቀለ።

ብሩክታዊት በማግስቱ ቀትር ላይ ነቅታ ውኃ ጠየቀች፤ ቀጥሎ የፈተና ውጤት መውጣቱን። እናቷ ለኤርጫፎ እጅ ሊነሡ ሲሉ አንጥሶ አመለጠ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣለት። “ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ። ዘንቢል የያዘች ማንነቷ ያልታወቀ ሴት ወደ ድንገተኛ ክፍል ማስገባትዎ በጥበቃ ሪፖርት ስለተደረሰበት፣ የሴትዮዋን ስም፣ የገባችበትን ምክንያትና የዘንቢሉን ይዘት በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያብራሩ።”

ኤርጫፎ ደብዳቤውን አነበበና መስኮቱን አየ። ሻሺቱ ሃምሳ ሜትሯን እየለካች ነበር። ስሟ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ካሳ በሜትር ይለካላታል፤ ወይ ደግሞ አቶ በዛብህ ደስ ይላቸውና እሷን አባል አድርገው የትንፋሽ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ሁለቱም ዘንቢሏን ያሳጣታል።

ዶክተር ሰይፈሥላሴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ጋሼ፣ ሁለት መስመር ይጻፉላቸው፤ ከግርጌው እኔ እፈርምበታለሁ። ልጅቷን ያዳነ ሰው ምን ያደርጉታል? ለኔም ይንገሩኝ፤ አፍንጫዎ ተዘግቶ እንዴት አወቁ?”

ኤርጫፎ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ብዕር ተቀበለው፣ የደብዳቤውን ግርጌ አየ፣ ብዕሩንም መልሶ ሰጠው።

“አላብራራም።”