ተረካቢ የሌለው ካርድ

አባታችን ሦስት ልጆች አሉት፤ ሦስታችንም ሥራ የበዛብን፣ ሦስታችንም «እኔ እኮ ባለፈው ወስጄዋለሁ» ማለት የምንወድ። ታላቃችን ጋሼ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እትዬ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ታናሿ እኔ ደግሞ ሶፍትዌር ደንበኛው ጋ ከመድረሱ በፊት ስህተቱን እፈልጋለሁ፤ ማለትም ሰው በሠራው ላይ እንከን እያወጣሁ ደሞዝ እበላለሁ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የአባዬ ጉዳይ ሁሉ በስልክ ጭቅጭቅ ሆነ። አንድ ቀን ብልጠት መጣብኝና በመሥሪያ ቤታችን የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ላይ «ቤት» የሚል ክፍል ከፈትኩ፤ ሁለቱንም በእንግድነት አስገባኋቸው። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ የተረካቢው ስም ይጻፋል፤ ተረካቢው ሠርቶ ሲጨርስ «አልቋል» የሚለውን ይጫናል። «አባዬን ፀጉር ማስቆረጥ።» «ለአባዬ ካልሲ መግዛት፣ ላስቲኩ የማያጠብቅ።» «አባዬ ቧንቧውን ራሱ እንዳይጠግን መከልከል።» ይቺ የመጨረሻዋ በጋሼ ስም ናት፤ ከተከፈተች ጀምሮ ተዘግታ አታውቅም።

እኔ ደግሞ መጠይቅ መጻፍ ነፍሴ ነው። ፕሮግራሙን በሚገባው ቋንቋ ትጠይቁታላችሁ፣ እሱ ካርዶቹን ለቅሞ ያመጣላችኋል። በየጠዋቱ «ቤት» ላይ ሁለት መጠይቅ አስኬዳለሁ። አንዱ «ተረካቢው እኔ የሆንኩ፣ ያላለቀ» ይላል፤ ሌላው «ተረካቢው እኔ ያልሆንኩ፣ ያላለቀ»። በሁለተኛው ወንድምና እህቴን እነዘንዝበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ቀድሜ የማስኬደው እሱን ነው።

አባዬ ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ለቀዶ ሕክምናው ተራ ለማግኘት ከዓመት በላይ ጠበቀ። ቀኑን ያሳለፈ ሰው ከወረፋው ጭራ ይጀምራል፤ ያለ አስታማሚ የመጣም አይስተናገድም። ጋሼ ካርዱን ከፈተና የእትዬን ስም አስገባበት። እትዬ የራሷን አውጥታ የእኔን አስገባች። እኔ ያን ዕለት ጠዋት ስብሰባ ነበረብኝ፤ ስሜን አወጣሁ። የጋሼን ላስገባ ብል ደግሞ ታላቄን ማዘዝ አሳፈረኝ። አይቶ ራሱ ይወስደዋል ብዬ ባዶውን ተውኩት።

ቀኑ ደረሰ። ሁለቱንም መጠይቆች አስኬድኩ፤ የቧንቧዋ ካርድ ብቻ መጣች። የዓይኑ የለም። «ጋሼ በጠዋት ወስዶት ዘግቶታል፣ ዕድሜ ይስጠው» ብዬ መርቄው ወደ ስብሰባ ገባሁ።

አለቃችንን «ቁጥሩስ» እንለዋለን፤ ሰላምታው እንኳ በዚያ ይጀምራል። የኔን ኮምፒውተር በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አብርተን የቀሩትን ሥራዎች እናያለን።

«ቁጥሩስ?» አለ። «ያንቺና የሌሎቹ ሲደመር ከጠቅላላው ያንሳል። የቀረው የት ገባ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስታዬን አልችለውም። «ተረካቢው ባዶ የሆነ ካርድ ‹የኔ ነው› የሚለው ውስጥ አይገባም» አልኩ ቆሜ። «‹የኔ አይደለም› የሚለው ውስጥም አይገባም። ፕሮግራሙ ባዶን ከማንም ጋር አያወዳድርም። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።» ይህን እያልኩ «ወይም ተረካቢ የሌለው» የሚል ጨመርኩበት። የመሥሪያ ቤቱን ክፍል ብቻ ፈልግ ማለቱን ግን ረሳሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ግድግዳው ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ በቀይ፦ «አባዬን ለዓይን ቀዶ ሕክምና መውሰድ። ቀን፦ ዛሬ።» ከሥሩ ማንም ያልተረከበው የካልሲው ካርድ።

ቁጥሩስ መነጽሩን አስተካከለ። «ይሄ የየትኛው ደንበኛ ነው?»

«የኔ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼ ሮጥኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጋሼ ጋ ደወልኩ። «እትዬ አልወሰደችውም እንዴ?» አለ። እትዬ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ አልወሰደውም እንዴ?» አለች። ጉድ እኮ ነው፤ በስልክ ስንጨቃጨቅ የሚሰማን ሰው ሁሉ እርስ በርስ የምንነጋገር ይመስለው ነበር።

አባዬ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን አስሯል፣ የሐኪሙን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ይዟል። የቆመውን ሰው ማን እንደሆነ ለመለየት አንገቱን አሰገገ።

«አባዬ፣ ለምን አልደወልክም?»

«ማን ጋ ልደውል? ጋሼሽ ካርዱ ስም የለበትም ብሎኝ ነበር። ‹ከሁለቱ አንዷ ትወስደዋለች› አለ። ሥራ አለባችሁ፣ በቃ የኔን ስም አስገባው ብለው፣ ‹አባዬ፣ አንተ እኮ አባል አይደለህም› አለኝ።»

እውነቱን ነው። ካርዱ ሁሉ ስለ እሱ ነው፤ እሱ ግን የለበትም። ጊዜ አልነበረም፤ ክንዱን ይዤ ታክሲው ውስጥ አስገባሁት።

ሕክምና ቤቱ የደረስነው ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠራ ነው። ጋሼ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሮ፣ እትዬ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ እያለከለኩ ከኋላችን ደረሱ።

«አስታማሚው ማነው?» አለች ነርሷ።

«እኔ!» አልን ሦስታችንም።

«አንድ ሰው ነው የሚገባው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በር ላይ «እኔ ልግባ፣ እኔ ልግባ» ስንባባል አባዬ እየሳቀ የነርሷን ክንድ ያዘና ገባ። «ልጄ፣ እነሱ እስኪስማሙ አንቺ ግቢልኝ» ሲላት ሰማነው።

ዓይኑ ዳነ። እኔም አባል አደረግሁት። በስልኩ ማንበብ በጀመረበት ሳምንት ሦስት ካርድ ከፈተ፤ ፕሮግራሙ ለአንድ ካርድ ከአንድ በላይ ተረካቢ ስለማይቀበል ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ። «እሁድ መምጣት። ያለ ምንም ጉዳይ» ይላል።

ሄድን። በላን፣ ተሳሳቅን፣ አባዬ ቧንቧ ሲጠግን ጋሼ ያዘው። ማታ ቤቴ ስገባ እንደ ልማዴ «አልቋል» የሚለውን ተጫንኩ።

ሰኞ ጠዋት መጠይቄን ሳስኬድ ካርዱ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ማን እንደነካው አየሁና ደወልኩ።

«አባዬ፣ ትናንት መጣን እኮ!»

«መጥታችኋል» አለ። «አልቋል ያለሽ ማነው?»