ሁለት ጭረት ያላት ሞላ

አጎቴ ሲቆጣ አገር ይያዝልኝ ነው። በዚያ ጸባዩ ላይ የአያቴን ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ ማስጠገን አማረው። «ጋሼ፣ እኔ የምጠግነው የስፌት መኪና ነው» ስለው፣ «ብረት ያው ብረት ነው!» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈልኝ።

ዝገቷን አራገፍኩ፤ እጀታዋን ቀየርኩ። ያለ እርሷ ሽጉጧ የማትተኩሰው የጥንቷ ሞላ ጠፍታ ስለነበር ሌላ ፈልጌ አስገባሁና እንደ ልማዴ በሞረድ ሁለት ጭረት አደረግኩባት። በሳምንቱ ሽጉጧ ተመለሰች፤ ሞላዋ የለችም። ሌላ አስገባሁ። ያቺም ጠፋች! አጎቴ ሽጉጧን ዳግመኛ ጥሎልኝ «ድሮም ሴት ጠጋኝ!» እያለ ደሜን አፈላው።

ከዚያ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አሸክማ መጣች። መሳቢያውን ስስበው ሁለቱ ሞላዎቼ ከነጭረታቸው፣ ከአያቴ ዝገታም ሞላ ጎን፣ በክርና በመርፌ መሃል ተኝተዋል።

«እትዬ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

«መኪናዬ ምንም አልሆነም» አለች ሳቋን አፍና። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «አጎትሽ ከጎረቤታችን ጋር አጥሩን አልፋ በመጣች ቅርንጫፍ ከተጣላ ወር ሆነው። አሁን ጥይት ገዝቷል። እባክሽ የኔ ልጅ፣ ጠግነሽ አትጠግኝ።»

ኩራቴ እምቢ አለኝ፤ እኔ የነካሁት ዕቃ ሳይሠራ ቀርቶ አያውቅማ! ቢሆንም ሦስቱንም ሞላ መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኩ፤ ሽጉጧን እንደ መስታወት ወልውዬ ለአጎቴ ሰጠሁትና ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሁንስ እንከን የላትም» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመ። ሽጉጧን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ይዟታል።

«ተኮስኩበት» አለኝ።

«ማን ላይ?»

«ጎረቤቴ ላይ። መጥረቢያ ይዞ አጥሩ ላይ ሲወጣ ሊመጣብኝ ነው ብዬ… ለካ ቅርንጫፏን ሊቆርጥልኝ ነው! ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ ብላ ቀረች።»

ውኃ ሰጠሁት። ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው። አንጀቴን በላው።

«ምን ጎድሏት ነው?»

«ሞላ። ላስገባላት?»

«እንዳትነኪያት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በሩን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሞላ እንደሌላት ግን ለሚስቴ እንዳትነግሪያት። መሳቂያ ታደርገኛለች» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ይነግራታል!» አልኩና መሳቢያዬን በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁት።