ቆቅ የሚጮህበት፣ ቆሮሶ የሚያዝበት

አጎቴ አያ አምባቸው ፔንሲያ፣ ማለት ጡረታ፣ ሲወጡ ፋብሪካው አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ካርቶን ተምር ሰጣቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እስራኤል አገር፣ በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና የፕላስቲክ ባልዲ ሲያሽጉ ኖረዋል። ሰዓቱን ለጎረቤት ሰጡት። ተምሩን መንጠቆ ላይ ሰክተው ሞከሩት፤ ዓሣ አይፈልገውም።

እሳቸው እንደሚሉት ባልዲ ማሸግ ሥራቸው አልነበረም። በሁለት አደን መካከል የገጠማቸው ነገር ነው። ቋራ ሳሉ ቆቅና ጅግራ በወጥመድ ይይዙ፣ ከሽንፋ ወንዝም ዓሣ ያወጡ ነበር። ጠመንጃ አይወዱም። ተተኩሶበት የሞተ ወፍ ለእኛ ለቤተ እስራኤል አይበላም፤ ከነነፍሱ ተይዞ መታረድ አለበት። የአደን ጓደኛቸው ክርስቲያን ነበር። አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ ወፎቹን በሕይወት ተካፍለው፣ መንታ መንገድ ላይ ተሳስመው ይለያዩ ነበር። «ወዳጅነታችን እስከ ቢላዋው ድረስ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምን ያደርጋል?» ይላሉ።

እዚህ አገር ወጥመድ ክልክል ነው። አያ አምባቸው ይህን ያወቁት ከከተማው ዳር ባለ ኮረብታ ላይ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ወጥመዳቸውን ሲወስድባቸው ነው። ደረሰኝ ጠየቁት። ሰውየው ግራ ገብቶት ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ የሚያድኑት በዓይናቸው ነው። ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቆቅ ስታልፍ በከዘራቸው ይጠቁሙና «ሞተሻል፣ ሂጂ» ይሏታል። በአንድ ጠዋት ስድስት የሞቱበት ቀን አለ።

ችግሩ ጉልበታቸው ነው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አንድ ቀን ከቤቶች ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ሆስቴል ይሰጥዎታል ይላል፤ ለአረጋውያን የተሠራ፣ አንድ ክፍልና ማድ ቤት ያለው መኖሪያ ነው። ሦስት ከተሞች ተዘርዝረዋል፤ ቂርያት ጋት፣ አሽቀሎንና ጥብርያስ። በቅደም ተከተል መርጠው፣ ፎርሙን ሞልተው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ሐሙስ ይቅረቡ ይላል። ከታች በደማቅ ቀለም፣ አንዴ ከተወሰነ አይቀየርም የሚል አለበት።

ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ከጎንደር ከመጣሁ ጀምሮ ስምንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ እሳቸው ሲወጡ እኔም እወጣለሁ።

«ሰው የመጨረሻ ቤቱን ሲመርጥ ምን ያያል?» አሉኝ።

«ሐኪም ቤት ቅርብ መሆኑን» አልኩ።

«ለመሞትማ የትም ይቻላል። እስከዚያ ድረስስ?»

እስከዚያ ድረስ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ቅርፊት ያለው ዓሣ የሚገኝበት ውኃና ቆቅ ያለበት ኮረብታ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። ኮረብታው ደግሞ ለጉልበታቸው የሚሆን፣ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

መጀመሪያ አሽቀሎን ሄድን። ባሕሩ ዳር አራት ዘንግ አሸዋ ላይ የተከለ ሺሞን የሚባል ሽማግሌ አገኘን። አያ አምባቸው በዕብራይስጥ «ምን ያዝክ?» አሉት።

«ከሚስቴ አመለጥኩ፤ ይበቃኛል» አላቸው።

ሁለት ሰዓት ያህል ከሰውየው አጠገብ ተቀመጡ። መንጠቋቸውን ጣሉ፣ አወጡ፣ መልሰው ጣሉ። ዓሣውን ትተው ባሕሩን ያያሉ። በመጨረሻ «ማዶ የለውም» አሉኝ። «ማዶ በሌለው ውኃ ዳር ተቀምጦ ማንን እንዴት አደርክ ይሉታል?» ሺሞን ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ውኃው ሰፊ ነው አሉ አልኩት።

በሳምንቱ ባቡርና አውቶቡስ እየቀያየርን ጥብርያስ ደረስን። ከተማው ዳር ካለው ከኪነሬት ሐይቅ መጀመሪያ የወጣው አምባዛ ነበር፤ ጢሙ የረዘመ፣ ቅርፊት የሌለው፣ እኛ የማንበላው። አያ አምባቸው ወደ ፊታቸው አስጠግተው አዩት።

«አንተም መጣህ?» አሉት። «በየት በኩል መጣህ? በሱዳን ነው?»

መንጠቆውን ሳያቆስሉት አውጥተው ወደ ውኃው መለሱት። ቀጥሎ ቆሮሶ ያዙ፤ ሰፊ፣ ቅርፊቱ ጥርት ያለ። ከዚያም ሌላ። ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ቆቅ ጮኸች። ከዘራቸውን አነሡና ምንም ሳይናገሩ መልሰው አወረዱት። ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡሱም በባቡሩም አንድ ቃል አልተነፈሱም። አያ አምባቸው አፋቸውን የሚከፍቱት የማይፈልጉትን ነገር ለመንቀፍ ነው። ዝም ካሉ ልባቸው ሄዷል ማለት ነው።

ቂርያት ጋትን ማየት አላስፈለገንም። ያለን ውኃ የመናፈሻው ፏፏቴ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ።

«ጻፍ» አሉ። «አንደኛ ቂርያት ጋት። ሁለተኛ አሽቀሎን። ሦስተኛ ጥብርያስ።»

እጄን አቆምኩ። «አያ፣ የወደዱት ጥብርያስን አይደለም እንዴ?»

«ለዚህ ነዋ መጨረሻ ያደረግኳት! ሰው ቤት በእንግድነት ሄደህ፣ ገና ሳትቀመጥ ሥጋው የታል ትላለህ?»

እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ጋባዡ ሦስት ጊዜ ይለምናል፤ እንግዳው ሦስት ጊዜ ጠግቤያለሁ ይላል፤ ከዚያ ይበላል። የፈለጉትን በመጀመሪያ መጥራት ነውር ነው። ስለዚህ ያሉኝን ጻፍኩ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ልጃቸው ረዑት መጣች። እዚሁ ከተማ፣ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ፎርሙን ቆማ አነበበችው።

«አባ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይኼ? አሽቀሎንን ሰድበው መጥተው ሁለተኛ ያደርጓታል?»

«አልሰደብኳትም። ማዶ የላትም ነው ያልኩት።»

«ይኼ ሚስራድ ነው፣ የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ግብዣ አይደለም። በሞቴ ይብሉልኝ የሚልዎት የለም። ላይ የጻፉትን ይሰጡዎታል፣ በቃ።»

«ሳይለምኑኝ?»

«አይለምኑዎትም!»

«ያሳዝናሉ» አሉ አያ አምባቸው።

አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ረዑት በመሃል እሷ ዘንድ ለምን እንደማይኖሩ ጠየቀቻቸው። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ምን ይታደናል አሏት። እርግብ አለ አለች። «እርግብ ጎረቤት ነው፤ አይታደንም» አሉ። በመጨረሻ ተሸነፉ፤ እኔም አዲስ ፎርም አወጣሁ። «አንደኛ ጥብርያስ» ያሉት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው፤ ሐኪም ልብስዎን ያውልቁ ያላቸው ይመስል። ሁለተኛ አሽቀሎን፣ ሦስተኛ ቂርያት ጋት ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ቀረብን። የምታስተናግደው ሸጋዬ የምትባል የእኛው ሰው ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ይሆናል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ አያ አምባቸውን ጎንበስ ብላ ሳመች፤ ወንበር አቀረበችላቸው። ከዚያ ፎርሙን ወሰደችና ጣቷን ቀጥታ የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ቂርያት ጋት። በጣም ጥሩ፤ ከልጅዎም አይርቁም።»

አያ አምባቸው እኔን አዩ። እኔ ፎርሙን አየሁ።

«የላዩን አያነቡትም?» አልኩ። የሰማችኝ ስላልመሰለኝ ደግሜ አልኩት።

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ወንድሜ» አለች። «ወጣቶቹ ሠራተኞች ላይ ላዩን እያነበቡ ስንቱን ሽማግሌ የማይፈልግበት ሰደዱት! የእኛ ሰው የሚፈልገውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያጽፈው። የአባቴን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ አነባለሁ። እስካሁን አንድም ሰው አላማረረም።»

እውነቷን ነው። አያ አምባቸውም አላማረሩም። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» ነው ያሏት።

ማኅተሙን አነሣች።

«እሳቸው የሚፈልጉት ጥብርያስን ነው» አልኩ።

መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «አብረሃቸው ነው የምትኖረው?»

«አዎ።»

«ራቅ እንዲሉልህ ነው? ቤቱ ላንተ እንዲቀር?»

«አይቀርልኝም። እኔም እወጣለሁ።»

«እንግዲያ ራሳቸውን እንጠይቃለን። አያ፣ ጥብርያስን ነው የሚፈልጉት?»

«እናንተ ያላችሁት ይሁን።»

«ቂርያት ጋት ይሻልዎታል?»

«እሱም የእግዜር ነው።»

«ይኸው» አለችኝ።

ማኅተሙን ቀለም አስነካችው። አያ አምባቸው ሁለት እጃቸውን ከዘራው ላይ ጭነው ወለሉን ያያሉ። አንዴ ከተመታ አይቀየርም። እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። የእኛ ሽማግሌ ይህን ስጡኝ ብሎ አይለምንም፤ አዳኝ ግን ስለ ግዳዩ ሲናገር ይሉኝታ አይዘውም። መፎከር ወጉ ነው።

«ለነገሩ» አልኩ፣ «ጥብርያስ ዓሣ የለም ይላሉ።»

አያ አምባቸው አንገታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። «ማን ነው ያለው?»

«ሰው ነው ያለው። ያን ቀን የያዝነው ድንገት የገባ ነው አሉ።»

«ድንገት?»

«ደግሞም የሽማግሌ እጅ አያወጣውም አሉ።»

ተነሡ። ጉልበታቸው ካመማቸው ወዲህ ሰው ሳይደግፋቸው ሲነሡ አይቼ አላውቅም።

«እኔ የሽንፋው አምባቸው!» አሉ። ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። «ቆሮሶ በእጄ፣ ቆቅ በደጄ! ከቋራ ወንዝ ያወጣሁ፣ ከጥብርያስ ሐይቅ ያወጣሁ! ማዶውን እያየሁ የጣልኩት መንጠቆ መቼ ባዶውን ተመለሰ? ያን ውኃ የሚነሣኝ፣ ያን ኮረብታ የሚነሣኝ፣ ይቁምና ይናገር!»

ቆሞ የተናገረ አልነበረም። ውጭ ተራ ከሚጠብቁት አንዲት እናት እልል አሉ። የጥበቃ ሠራተኛው በሩን ከፍቶ ምን ተፈጠረ አለ።

«ምንም የለም» አለችው ሸጋዬ። «ማመልከቻ እያቀረቡ ነው።»

በሩን ዘጋው። እሷም ማኅተሙን ከፎርሙ ላይኛው መስመር አጠገብ መታችና እፍ እፍ አለችበት። አያ አምባቸው ተቀምጠዋል፤ እንደገና ወለሉን ያያሉ።

«አስቸገርኩሽ፣ ልጄ።»

«ምንም አይደል። መቼ መግባት ይፈልጋሉ?»

«አልቸኩልም። እሑድ ይበቃኛል።»

ሸጋዬ ኮምፒዩተሯን ተመለከተች። «አያ፣ ጥብርያስ አሁን ባዶ ክፍል የለም። ተራ ይጠብቃሉ፤ ስድስት ወርም ዓመትም ሊሆን ይችላል። ከነዋሪዎቹ አንዱ ሲለይ ነው የሚለቀቀው።»

«ሲለይ ማለት?»

«ሲሞት።»

አያ አምባቸው ከወለሉ ቀና አሉ።

«ዓሣ የሚያጠምድ ይኖርበታል?»

«እሱን አናውቅም፣ አያ። አይጻፍም።»

«እንግዲያ ሁሉም ይኑሩ» አሉ። «አሁን የምሬን ነው፣ አልቸኩልም።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አመስግነን ወጣን። አያ አምባቸው በሩን ካለፉ በኋላ ተመለሱና ጭንቅላታቸውን ብቻ አስገቡ።

«ሰውየው ሲያርፍ ቀድመሽ ደውይልኝ» አሏት። «ለቅሶ ሳልደርስ ቤቱ ልገባ አልችልም።»