ከመታጠቧ በፊት

አባቴ አሮጌ ሳንቲም የሚገዛው በነሐሴ ነው። ከጅማ እስከ አጋሮ ያለው ቤት ሁሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ቡናውን ሸጦ ቀና ይላል፤ ነሐሴ ሲደርስ ጎንበስ ይላል። ቀና ያለ ሰው የእናቱን ጌጥ አይሸጥም። ጎንበስ ያለ ግን ሳጥኑን ራሱ ይከፍታል። አባቴ ሀጂ ሳዲቅ ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው የብር ሥራ ሱቁ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው ሳንቲሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዝናብ የተገዙ ናቸው።

«ሳንቲም በዓይን አይገዛም፤ በወር ነው የሚገዛው» ይላል።

እኔም ይህንን አምኜ ነው ያደግሁት፤ እስከዚህ ግንቦት ድረስ።

አያንቱ ቀለበቷን ለማስጠበብ ወደ ሱቃችን የመጣችው ዓረፋ ሲቃረብ ነው። የአጋሮ ልጅ ናት፤ እዚህ ጅማ ኮሌጅ ትማራለች። ከዓረፋ በኋላ ልታገባ ነው። ጣቷን እየለካሁ ሳለ በሰርጓ ቀን የምታጠልቀውን የአያቷን የአንገት ጌጥ በስልኳ አሳየችኝ። ትልልቅ ማርትሬዛ ብሮች ተሰክተውበታል። ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር አለች።

«ይቺን እዪልኝ እስቲ» አለች። «ወላሂ፣ ሙሽራ ነኝ ወይስ ከሰል ነጋዴ? አያቴን፣ አዴ ኩልሱምን፣ ‹ወይ ቀይሪልኝ፣ ወይ አውጪልኝ› ብያታለሁ።»

ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። ጥቁሯ ሳንቲም ላይ በጎን የሚታይ የሰው ፊት አለ። ከራሱ በላይ ጨረቃ፣ በጨረቃዋ እቅፍ ውስጥ ደግሞ ክብ ነጥብ። በፊቱ ዙሪያ ከጥቁሩ ሥር ክር የመሰለ ቢጫ ነገር ብልጭ ይላል።

አንዳንድ የአክሱም ነገሥታት በብር ሳንቲሞቻቸው ላይ ወርቅ ያስለብጡ ነበር፤ ሳንቲሙን በሙሉ ሳይሆን ከፊቱ ዙሪያ ብቻ፣ እጅግ ስስ አድርገው። ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በእጄ ይዤ ግን አላውቅም።

«አያትሽ ትሸጣታለች?» አልኳት።

«ሙሉ ማርትሬዛ ካመጣችሁላት ደስ ብሏት ነው የምትለውጣችሁ። ጌጡ እኩል እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ካልሆነም ችግር የለም፤ ከዓረፋ በፊት አክስቶቼ ጌጡን ሁሉ ስለሚያጥቡት ይቺም ታበራለች።»

መለኪያውን አስቀምጬ ፎቶውንና የአያቷን ስልክ እንድትልክልኝ ለመንኳት።

የአባቴን ሳንቲሞች የያዘው ሰሌዳ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ነው። ከላይ በስተቀኝ አንዲት የአክሱም ሳንቲም አለች። ልጅ ሳለሁ ገዝቷት፣ በሎሚና በአመድ አሽቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ አስቀመጣት። ከሁሉም በላይ የምታበራው እሷ ስለሆነች እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሷን ነው። ፊት ግን የላትም። ንጉሡ ከግንባሩ እስከ አገጩ ለስልሶ ጠፍቷል። አባቴ አንጥረኛ ነው፤ ለአንጥረኛ ጥቁር ብር ያላለቀ ሥራ ነው።

በማግሥቱ ምሳ እየበላን ፎቶውን አሳየሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ብዙ ቆየበት።

«ማሻአላህ» አለ። «ነሐሴ ላይ እንገዛታለን።»

«አሁን ነው የምንገዛት አባ። ነሐሴ ላይ ታጥባ ነው የምናገኛት።»

«ታዲያ ሙሽራ ሳትታጠብ ትወጣለች እንዴ?»

«ወርቁ ይነሳል።»

«ወርቅ በሎሚ አይነሳም።»

«በሎሚው አይነሳም። በአመዱ ነው የሚነሳው። በጣም ስስ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ካሹት አለቀ።»

አባቴ እጁን ታጠበና ወደ ወንበሩ ተደገፈ። «ስሚ ረይሃና። ሰርግ ያለበት ቤት ለግዢ አይኬድም። ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉም ሀብታም ነው። ‹የእናታችን ጌጥ› ይሉሻል፣ ያለቅሱልሻል፣ በመጨረሻም በሩን ያሳዩሻል። ከሰርግ በኋላ ግን ድንኳኑም ይነቀላል፣ ኩራቱም ይበርዳል።»

«ነሐሴ ላይ ዋጋው ይረክሳል፤ እውነትህን ነው። የረከሰው ሳንቲሟ ስለጠፋች ከሆነ ግን ምኑን ገዛነው?»

 ዓይኑ ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ሄዶ ተመለሰ። 

ከረመዳን ወዲህ፣ ዓይኑ መድከም ሲጀምር፣ ሰሌዳውን ለእኔ አስረክባለሁ ሲል ነበር። እስካሁን ግን አንድም ነገር በራሴ ውሳኔ አልገዛሁም።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «የመጀመሪያ ግዢሽ ይቺ ትሁን። ከተበላሸ ግን ሰሌዳው የአኒስ ነው።»

አኒስ ታናሽ ወንድሜ ነው። «አኒስ እኮ ሁሉንም ሸጦ ባጃጅ ይገዛበታል!»

«ባጃጅ ቢያንስ ሰው ይጭናል።»

ይህን ቢልም ከሰሌዳው ላይ ከማርትሬዛዎቹ ሁሉ መልኳ ያልደበዘዘውን፣ የዘውዷ ፈርጦች አንድ በአንድ የሚለዩትን ራሱ መርጦ ሰጠኝ። ከዚያ «ደውለሽላቸው ሂጂ» አለ።

«አልደውልም።»

እንግዳ ይመጣል ሲባል በእኛ አገር ምን እንደሚሆን እሱም ያውቃል። ግቢ ይጠረጋል፣ ልጆች ይታጠባሉ፣ ዓይን የሚያርፍበት ዕቃ ሁሉ ይወለወላል። ለእንግዳ ያልታጠበ ነገር የሚሰጥ ቤት የለም። አዴ ኩልሱም ለዓረፋ ባያጥቧት እንኳ ለእኔ ክብር ሲሉ ያጥቧታል። ሳይናገሩ ሰው ቤት መሄድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ሰው ቤት እንኳ ስገባ ከደጅ ላይ የማመነታ ሰው ነኝ። ሳንቲሟን የሚያተርፋት ግን ይኸው ነውር ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከመናኸሪያ የአጋሮ ሚኒባስ ያዝኩ። ማርትሬዛዋን በመሐረብ ጠቅልዬ በውስጥ ኪሴ ይዣለሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ዳር ያለው የቡና ቅጠል ሁሉ ያብለጨልጫል። ጥሩ ቀን ነው፣ በጊዜው ነው የምደርሰው እያልኩ ነበር። መንገድ ላይ ያለችውን የይቡን ከተማ ስናልፍ አባቴ ደወለ።

«የት ደረስሽ?»

«ይቡን አለፍን።»

«ጎሽ። ማታ ከስልክሽ በገለበጥኩት ቁጥር ለአዴ ኩልሱም ደውዬላታለሁ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁትና መልሼ አስጠጋሁት። «ምን አልካት?»

«ልጄ ለዚያች ለጥቁሯ ሳንቲም እየመጣች ነው አልኳት። ሰው ቤት እንደ ዝናብ ሳይነግሩ ይገባል እንዴ? በጣም ደስ አላት። ‹ዛሬ የሰርጉን ብር እያጠብን ነው፤ እሷንም አጥቤ እጠብቃታለሁ› አለችኝ። ጨዋ ሴት ናት፣ ማሻአላህ።»

«አባ!»

«ምን ሆንሽ?» አለ። ከዚያ በቀስታ «ኦ…» አለ።

አያንቱ የላከችልኝ የአያቷ ስልክ ነበረኝ። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። እጇ በአመድ የተለወሰ ሴት ስልክ አታነሳም። አያንቱ ጋ ደወልኩ፤ ፈተና ላይ ስለሆነች ዘግታዋለች።

ሾፌሩን «ትንሽ ፍጠንልኝ» ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ይልቅ አሰብኩ። የእኛ ሴቶች ብር የሚያጥቡበት ሥርዓት አለው፤ ትልቁ ይቀድማል። እጅ ሲታጠብ ከሽማግሌ እንደሚጀመረው፣ ብርም ከትልልቁ ይጀመራል። ማርትሬዛዎቹ ብዙ ናቸው። የሰርግ ወሬ ደግሞ እጅ ያዘገያል። እደርሳለሁ አልኩ ለራሴ፤ አመንኩትም።

አጋሮ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። የአዴ ኩልሱም ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር፣ ሴቶች ሳፋ ከበው ተቀምጠዋል። የተጨመቀ ሎሚ መሬቱ ላይ ተበትኗል። ምንጣፉ ላይ የታጠቡት ማርትሬዛዎች እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት ያበራሉ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም! ኮቱ፣ ኮቱ ልጄ!» አሉ አዴ ኩልሱም እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፤ ጠጋ በይ ማለታቸው ነው። «የሀጂ ልጅ! ትንሽ ብትቆዪ ጨርሰን ነበር። መድና ያንቺን ይዛልሻለች፣ አሁን ትደርሳለች።»

መድና የአያንቱ አክስት ናቸው። ጥቁሯ ሳንቲም በግራ እጃቸው ጣቶች መሃል ናት። ቀኝ አውራ ጣታቸውን አመዱ ውስጥ እየነከሩ ነበር።

«አደራዎን! እሷን አይሹብኝ!»

በሰው ግቢ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። የመድና ጣት አመድ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«ቢስሚላህ!» አሉ። «ምነው ልጄ፣ ሕፃን የያዝኩ አስመሰልሽው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ይቅርታ ጠይቄ ሳንቲሟን ተቀበልኳቸው። ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አትበልጥም፤ ለክር ተበስታለች። ወደ ብርሃኑ አዘነበልኳት። ፊቱ አለ፤ ጨረቃዋም አለች። ወርቁም ከጥቁሩ ሥር፣ ማንም ሳይነካው፣ በንጉሡ ዙሪያ ይዞራል። ለአዴ ኩልሱም አስጠግቼ አሳየኋቸው።

«ይቺን ጨረቃ አይታ ነው አማቴ ከጌጡ ያላወጣቻት» አሉ። «‹የእኛ ናት› ትል ነበር።»

«ከነቢዩ ዘመንም በፊት የተቀረጸች ናት፣ አዴ።»

«ሰለላሁ አለይሂ ወሰለም» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። መድና አመዱን ከጣታቸው ጠረጉ።

አባቴ ሌላም ሕግ አለው፤ ሻጩ የማያውቀውን ነገር አትግዢ። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳቸው። የአክሱም እንደሆነች፣ አንዲት ማርትሬዛ ብቻዋን ልታክላት እንደማትችል፣ ቅርስ ስለሆነች ዝውውሩን ለባህል ቢሮ አሳውቀን እንደምናስመዘግብ ነገርኳቸው። ከማርትሬዛዋ በተጨማሪ አባቴ ለሙሽራዋ ጥንድ አምባር በእጁ እንደሚሠራላት፣ የቀረውን ዋጋ ደግሞ እሳቸውና አባቴ ተነጋግረው እንደሚጨርሱት አልኩ። 

«ቶሌ፣ ይሁን። ከሀጂ ጋር አንጣላም» አሉ አዴ ኩልሱም። «የከበደኝ ሌላ ነው። አሁን ይቺ እንዲህ ጠቁራ ከቤቴ ትውጣ? ሀጂ ሳዲቅ ሲያያት ምን ይላል? ‹ኩልሱም ቤት ውሃ ጠፋ› አይልም?»

«እሱ ምንም አይልም።»

«አፉ አይል ይሆናል፤ ሆዱ ይላል። እንግዳዬን ቆሻሻ አሸክሜ አልሸኝም።»

«ፊቷን ብቻ ጠረግ ላድርግላት» አሉ መድና ሊረዱኝ ፈልገው።

ፊቷን ብቻ! ሳንቲሟን በእፍኜ ጨበጥኳት።

አዴ ኩልሱም ግትር አልነበሩም፤ ትክክል ነበሩ። ለእንግዳ እንዲህ አይደረግም። ነገሩን በወርቅና በአክሱም መከራከር እንደማያዋጣኝ ገባኝ። መለወጥ ያለበት እንግድነቴ ነበር።

ጫማዬን አወለቅሁ። ሻርፔን አጥብቄ አሰርኩና ከመድና አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከኪሴ ማርትሬዛዋን አውጥቼ ሳፋው ውስጥ ከተትኳት። ገና ካልታጠቡት ትንንሽ ብሮች አንዷን አንስቼ ሎሚ ቀባኋት።

«አዴ፣ የሙሽራ ብር ያጠበች ሴት በዚህ ቤት እንግዳ ናት?»

አዴ ኩልሱም እጆቻቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

«አይደለችም» አሉ። «የቤት ልጅ ናት።»

«የቤት ልጅ ደግሞ የራሷን ዕቃ እቤቷ ወስዳ ታጥባለች።»

«ተንኮለኛ!» አሉ መድና፣ ጉልበቴን በእርጥብ እጃቸው መትተው። «አንጥረኛ ያሳደጋት አይደለች፣ አጣምማ ነው የምትገባው! በይ እሺ፣ ቃል ብቻ አይደለም፤ ጠርዙንም አሺ፣ ጠርዙ ላይ ነው እድፉ!»

ሎሚው ጥፍሬ ሥር እስኪያቃጥለኝ ድረስ አጠብኩ። ጠርዙንም አሸሁ። ስለ ሙሽራው ቁመት፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ አያንቱ ቀጭን ጣት ተወራ። ስንጨርስ አዴ ኩልሱም የአባቴን ማርትሬዛ በሌሎቹ መካከል ሰክተው ጌጡን ከፍ አድርገው ያዙት። እኩል ነበር።

ጥቁሯን ሳንቲም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ራሳቸው ቋጠሩልኝ። ጨርቁን ግን አጥበውት ነበር።

«ነሐሴ ላይ ብትመጪ ግማሹን አልጠይቃችሁም ነበር» አሉ በር ላይ ሲሸኙኝ። «ሰርግ ባዶ ነው የሚያስቀረን።»

«አባቴም ይህንኑ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ምነው አልሰማሽው?»

«ነሐሴ ላይ ግማሽ ሳንቲም ነበር የምወስደው፣ አዴ።»

አዴ ኩልሱም ሳቁና ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ።

አባቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። የደረስኩበትን አልጠየቀም፤ መንገዱን ሙሉ ሲደውል ነው የዋለው። መብራቱን አበራ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አጠለቀ፣ ቋጠሮውን ፈታሁለት።

ብዙ ጊዜ አያት። ከጨረቃዋ ጀምሮ ወደ ዘውዱ፣ ከዘውዱ ወደ ግንባሩ ወረደ። ቢጫውን ክር በዓይኑ ተከትሎ ዞረ።

«አፍንጫ አለው» አለ።

«አለው።»

«ከንፈርም አለው።»

የላይኛውን ቀኝ ጥግ ሳያይ ከሰሌዳው መካከል ማርትሬዛዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ቀኝ እጁ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መወልወያውን ጨርቅ አነሳ። ሳንቲሟ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አየሁት፤ አልያዝኩትም። ራሱ ነው ያቆመው።

ጨርቁን በአራት አጣጥፎ ሰጠኝ።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለ። «እኔ ይቺን እጄን አላምናትም።»